ፒራሚድ ሥር የተቀመጠ ሥጋ ለምን ይደርቃል? የቅርጽን «ኃይል» ቤት ውስጥ መፈተሻ

ወሎ ውስጥ ሥጋ ያለ ፍሪጅ እንዴት እንደሚከርም የማያውቅ ቤት የለም። ቀዩ ሥጋ በስሱ ይዘለዘላል፣ ጨውና በርበሬ ይነካዋል፣ ነፋስ በሚያገኝ ጥላ ውስጥ ገመድ ላይ ይሰቀላል፣ ቋንጣ ይሆናል። ስለዚህ በቴሌግራም ወይም በቲክቶክ ከመዳብ ሽቦ በተሠራ ፒራሚድ ሥር ተቀምጦ «ሳይሸት ደረቀ» የተባለ ቁራጭ ሥጋ ሲመጣላችሁ መጠየቅ ያለበት አንድ ነገር ነው፦ ፒራሚዱ ባይኖርስ ምን ይሆን ነበር?

ይህን ጥያቄ በካርቶን፣ በመቀስና በሚዛን መመለስ ይቻላል። ሥራው ከባድ አይደለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ፒራሚዱን ብቻ ሠርቶ ማወዳደሪያውን ስለሚተው ነው። ማወዳደሪያ የሌለው ሙከራ ደግሞ ቋንጣ ሰቅሎ ገመዱን እንደማመስገን ነው።

ነገሩ ከየት መጣ

በተለምዶ የሚወራው እንዲህ ነው፦ አንቷን ቦቪስ የሚባል ፈረንሳዊ የብረታ ብረት ነጋዴ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ጊዛ ሄዶ በታላቁ ፒራሚድ የንጉሡ ክፍል ውስጥ ሳይበሰብሱ የደረቁ ድመቶች አየ፤ ከዚያ ቤቱ ተመልሶ ትንሽ ፒራሚድ ሠራ። ከዚያ በኋላ ስሙ የሚነሳው ካሬል ድርባል ነው። ይህ የቼኮስሎቫኪያ ሰው የካርቶን ፒራሚድ የምላጭ ስለት እንደሚያቆይ ገልጾ እ.ኤ.አ. በ1949 የፈጠራ መብት ጠየቀ፣ በ1959 ተሰጠው፤ ቁጥሩ 91304 ነው። ፒራሚድ ሻጮች ይህን ወረቀት እንደ ማረጋገጫ ያውለበልቡታል። የፈጠራ መብት ግን ሐሳቡ የማን እንደሆነ ይመዘግባል እንጂ የሺህ ምላጭ ሙከራ ውጤት አይደለም።

ስለ ግብፅ ሬሳ አጠባበቅ ደግሞ የሚታወቀው ሌላ ነው። የሆድ ዕቃው ይወጣል፣ አካሉ ናትሮን በሚባል ጨው ለ40 ቀን ያህል ይቀበራል፣ ከነመገነዙ ሥራው 70 ቀን ገደማ ይፈጃል። ናትሮን ከአፋር በግመል ከሚመጣው አሞሌ ጋር አንድ ዓይነት ጨው አይደለም፤ የሚሠራው ግን ያንኑ ነው፣ ውሃውን ይመጥጣል። አካላቸው እስከ ዛሬ ቆይቶ ለእይታ የበቃው ቱታንክሃሙንና ዳግማዊ ራምሴስ የተቀበሩትም ፒራሚድ ውስጥ አይደለም፤ በነገሥታት ሸለቆ በተፈለፈለ ዓለት ውስጥ ነው። በታላቁ ፒራሚድ ውስጥ የአሠሪው ንጉሥ የኩፉ አካል አልተገኘም።

እ.ኤ.አ. በ1976 የቶሮንቶ ሜፕል ሊፍስ የበረዶ ሆኪ ቡድን አሠልጣኝ ሬድ ኬሊ በተጫዋቾቹ መቀመጫ ሥር ፒራሚዶች አስቀምጦ ነበር። በፊላዴልፊያ ፍላየርስ በሰባተኛው ጨዋታ ተሸንፈው ወጡ። ተሸነፉ ማለት ግን ማስረጃ አይደለም፤ ቢያሸንፉም አይሆንም ነበር፤ አንድ ጊዜ ነውና።

የማንፈትሸው ነገር

ግሸን ማርያም ያለችበት የአምባሰል አምባ መስቀለኛ ነው፤ የላሊበላው ቤተ ጊዮርጊስም ከዓለት በመስቀል ቅርጽ ተፈልፍሏል። በየቤቱ ያለው ክታብና ጠልሰምም ዓይንና ኮከብ ይሳልበታል። መስከረም 21 ቀን ግሸን የሚወጣ ምእመን ስለ ሥጋ መድረቅ ወይም ስለ ምላጭ ስለት አንድም ቃል አልተናገረም፤ ስለዚህ ሚዛን ይዞ የሚከተለው የለም። እዚህ የሚፈተሸው «ሳይንስ ነው፣ ተረጋግጧል» ተብሎ የሚሸጠው ብቻ ነው። በሚዛን ይታያል ካሉ ሚዛን ይቅረብ።

ሳጥኖቹን መሥራት

የሚያስፈልገው፦ አንድ ዓይነት ካርቶን (የቴሌቪዥን ወይም የፍሪጅ ማሸጊያ ይበቃል)፣ የብረት ማስመሪያ፣ እርሳስ፣ ካርቶን መቁረጫ፣ ሰፊ ፕላስተር። ሁሉም ሳጥን ከአንድ ማሸጊያ ይቆረጥ። ካርቶን እርጥበት ይመጥጣል፤ አንዱን ከወፍራም ሌላውን ከስስ ከሠራችሁ የምትለኩት የካርቶኑን ልዩነት ይሆናል።

የታላቁ ፒራሚድ የመጀመሪያ ቁመት 146.6 ሜትር፣ የአንዱ ጎን መሠረት 230.3 ሜትር ገደማ ነው። መሠረቱን ለቁመቱ ስታካፍሉት 1.57 ይመጣል። ለ20 ሴንቲ ሜትር ቁመት ልኩ እንዲህ ይሆናል፦

መሠረት 31.4 ሴንቲ፤
የእያንዳንዱ ሦስት ማዕዘን ከፍታ (በገጹ ላይ ሲለካ) 25.4 ሴንቲ፤
ሁለቱ ዘንበል ያሉ ጎኖች 29.9 ሴንቲ።

ካርቶኑ ላይ 31.4 ሴንቲ መስመር አስምሩ። መሐሉን፣ 15.7 ላይ፣ ምልክት አድርጉ። ከዚያ ቀጥ ብሎ የሚወጣ የ25.4 ሴንቲ መስመር ሳቡና ጫፉን ከሁለቱ ዳር ጋር አገናኙ። አሁን ሁለቱን ዘንበል ያሉ ጎኖች ለኩ። 29.9 ካልመጡ፣ ወይም አንዱ ከሌላው ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ ከበለጠ፣ የመሐሉ መስመር ዘሟል፤ አጥፍታችሁ እንደገና። አንዱ ከተስተካከለ እሱን እንደ ቅድ አድርጋችሁ ሌሎቹን ቁረጡ። ሁለት ፒራሚድ ስለሚያስፈልግ ስምንት ሦስት ማዕዘን ይወጣል።

እዚህ ላይ ሁለት ስሕተት ይደጋገማል። አንደኛው ሦስቱንም ጎን እኩል 31.4 መቁረጥ ነው፤ ሲቆም ቁመቱ 22.2 ሴንቲ ይሆናል፣ የገጹም ዝንባሌ ከ51.8 ዲግሪ ወደ 54.7 ይወጣል። ሁለተኛው የገጹን ከፍታ 20 ሴንቲ አድርጎ መቁረጥ ነው፤ ያ ሲቆም 12.4 ሴንቲ ብቻ የሆነ ጠፍጣፋ ክዳን ይሆናል። ለሥጋው ይህ ሁሉ ምኑም አይደል። ልኩ በትክክል መጠበቅ ያለበት በኋላ «አንግሉን ስለሳታችሁት ነው» ለሚል ሰው በር ላለመክፈት ነው።

ቀጥሎ ማወዳደሪያው፦ ጎኑ 18.7 ሴንቲ የሆነ፣ ታቹ ክፍት የሆነ ባለ አምስት ገጽ ሳጥን። ይህ ልክ ዝም ብሎ አልመጣም። ፒራሚዱ የሚይዘው 6,570 ኪዩቢክ ሴንቲ ያህል ነው፤ ሳጥኑም በ1 ከመቶ እንኳ አይለይም። በውስጣቸው ያለው አየር እኩል ካልሆነ ሥጋው የሚተነፍሰውን እርጥበት እኩል አይቀበሉትም።

ስለዚህ አራት ቦታ ይኖራችኋል፦ አንድ ገጹ ወደ ሰሜን የተስተካከለ ፒራሚድ፣ 45 ዲግሪ የተጣመመ ፒራሚድ፣ ሳጥን፣ እና ዝንብ እንዳያርፍበት ወንፊት ወይም የአጎበር ቁራጭ ብቻ የተደፋበት ክፍት ሳህን። የተጣመመው ፒራሚድ ጠቃሚ ነው። አቅጣጫ ወሳኝ ነው የሚሉት እነሱ ራሳቸው ናቸው፤ ሁለቱ ፒራሚዶች አንድ ውጤት ከሰጡ ያ አባባል ወደቀ ማለት ነው።

ሰሜንን በስልክ ኮምፓስ ማግኘት ይቻላል፤ ግን የቆርቆሮ ግድግዳ፣ የብረት ጠረጴዛ፣ የስፒከር ማግኔት ያስተዋል። ግቢ መሐል ወጥታችሁ ለኩ፣ አቅጣጫውን በገመድ አስገቡት፣ ወለሉ ላይ በጠመኔ አስምሩ። በሰሜን ኮከብ እናስተካክላለን የሚሉ አሉ፤ ወሎ ላይ ኮከቡ ከአድማስ 11 ወይም 12 ዲግሪ ብቻ ስለሚነሳ ብዙ ቦታ ተራራ ይጋርደዋል።

ሥጋው

ከአንድ ብልት የተወሰደ፣ ጮማ የሌለው ቀይ ሥጋ ግዙ። ጾም ከሆነ ወይም ሥጋ ለዚህ ማዋል ካልፈለጋችሁ ድንች ይሠራል፤ 5 ሚሊ ውፍረት አድርጋችሁ ቁረጡት። ሥጋውንም እንዲሁ 5 ሚሊ። 12 ቁራጭ፣ እያንዳንዱ 20 ግራም። ግማሽ ግራም ልዩነት አይጎዳም፣ ሁለት ግራም ይጎዳል። አንድ አሥረኛ ግራም የሚያነብ ሚዛን ያስፈልጋል፤ የወርቅ ሠሪ ሚዛን በጣም ጥሩ ነው፣ በፕላስቲክ ሸፍኑለት።

ለየቦታው ሦስት ቁራጭ ይደርሳል። አንድ አንድ ቁራጭ አይበቃም፤ አንዱ ትንሽ ሳሳ ብሎ ቢገኝ «ተአምር» ሆኖ ይወራል። የትኛው የት እንደሚገባ በዕጣ ይሁን። ቆራጩ ራሱ ከደለደለ እጁ ሳያስበው ቆንጆ ቆንጆውን ወደ ፒራሚዱ ይወስዳል።

ቁራጮቹ በፕላስቲክ ክዳን ላይ ሆነው ከወለሉ 6.7 ሴንቲ ከፍ ይበሉ። ይህ የፒራሚዱ ቁመት አንድ ሦስተኛ ነው፤ የንጉሡ ክፍል ያለበት ከፍታ ነው ስለሚሉ ነው። ማቆሚያውን ከካርቶን ጠቅልላችሁ ሥሩ። በሳጥኑም፣ በክፍቱም ሳህን ከፍታው ያው ይሁን።

አራቱ ቦታዎች ቢያንስ ግማሽ ሜትር ይራራቁ፣ ፀሐይ አይንካቸው፣ ከምድጃና ከከሰል ይራቁ። በየቀኑ በአንድ ሰዓት፣ ለምሳሌ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ፣ እያንዳንዱን ክዳን ከነቁራጩ መዝኑና የክዳኑን ክብደት ቀንሱ። ከመዘናችሁ በኋላ አራቱን ቦታ በአንድ አንድ አዛውሯቸው፤ ፒራሚዶቹን እንደየአቅጣጫቸው መልሳችሁ አቁሙ። በመስኮት አጠገብ ያለ ቦታ ሁልጊዜ ቀድሞ ይደርቃል፤ ካልተዛወረ መስኮቱ ያደረቀውን ፒራሚዱ ይመሰገንበታል።

ምን ታያላችሁ? በመጀመሪያው ቀን የሥጋው ፊት ይጠቁራል፣ ይጣበቃል፣ ጠርዙ ትንሽ ወደ ላይ ይታጠፋል። በሁለተኛው ቀን በጣት ስትነኩት እንደ ቆዳ ይከረክራል፤ መሐሉን ስትጫኑት ግን ገና ይለሰልሳል። በሦስተኛው ቀን ክፍቱ ሳህን ላይ ያለው ስታጎብጡት ጠንከር ይላል፣ በሳጥኖቹ ውስጥ ያለው ግን ገና ይታጠፋል። ጥሬ ቀይ ሥጋ ከክብደቱ ሦስት አራተኛው ገደማ ውሃ ስለሆነ 20 ግራሙ ጨርሶ ሲደርቅ 5 ወይም 6 ግራም ላይ ይቆማል። ድንቹ ወደ 4 ግራም ይወርዳል።

አብዛኛውን ጊዜ ክፍቱ ሳህን ይቀድማል፤ ነፋስ አለውና። ፒራሚዶቹና ሳጥኑ ተከታትለው ይሄዳሉ። ሥጋ የሚሸተው ባክቴሪያው ውሃ እስካገኘ ድረስ ነው፤ ፊቱ ከመሽተቱ በፊት ከደረቀ የሚባዛበት ያጣል። ውፍረቱን 2 ሴንቲ ብታደርጉት ነገሩ ይገለበጣል፦ ውጪው ይደርቃል፣ ውስጡ እርጥብ ይቀራል፣ ይሸታል፤ ፒራሚድ ሥርም ቢሆን።

አገሩና ወቅቱም ይወስናል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ፣ ሞቅ ያለች ናት። በሐምሌና በነሐሴ ደሴ ላይ ጭጋጉ ቤት ድረስ ሲገባ ያው ቁራጭ ሻጋታ ያወጣል፤ በኅዳር ኮምቦልቻ በጥቂት ቀን እንደ እንጨት ይሆናል። ስለዚህ አንዱ ሰው በክረምት ሞክሮ «ሐሰት ነው»፣ ሌላው በበጋ ሞክሮ «እውነት ነው» ቢል ሁለቱም ያዩትን ተናግረዋል፤ ሁለቱም ማወዳደሪያ አልነበራቸውም። ሁሉም ቦታ በአንድ ቀን፣ በአንድ ክፍል መጀመር አለበት።

ሽታውን የሚመዝነው ሰው የትኛው ከየት እንደመጣ ማወቅ የለበትም። ክዳኖቹን ከታች በቁጥር ምልክት አድርጉ፤ ቁጥሩን የያዘው ሰው ሌላ ክፍል ይቀመጥ። አሽታቹ ከ1 እስከ 5 ነጥብ ይስጥ፣ ይጻፍ፣ ከዚያ ይገለጥ።

ይህን ሥጋ ማንም እንዳይበላው። በርበሬና ጨው አልነካውም፣ ስንት ጊዜ በእጅ ተነካክቷል። ቢላውን፣ ክዳኑንና እጃችሁን በሳሙና እጠቡ፤ ሲያልቅ ድመት በማትቆፍርበት ጥልቀት ቅበሩት።

ምላጩ

ይህ ይበልጥ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ «ጥርት አድርጎ ይላጫል» የሚለው ስሜት እንጂ ልኬት ስላልሆነ። ጢሙን የላጨው ሰው ምላጩ የት እንዳደረ ካወቀ እጁ ራሱ ይቀላል፤ ሳሙናውም፣ የውሃው ሙቀትም፣ የጢሙ ዕድሜም ይለዋውጠዋል። ስለዚህ ጢምን ትታችሁ ክር ቁረጡ።

ከአንድ ፓኬት አራት አዲስ ባለ ሁለት አፍ ምላጭ አውጡ። የመለኪያው አሠራር እንዲህ ነው። የስፌት ክር በሲኒ አፍ ላይ አጋድሙ። አንዱን ጫፍ ከሲኒው ጎን በፕላስተር አጣብቁ። በሌላው ጫፍ የሻይ ማንኪያ አንጠልጥሉና ክሩ ሲወጠር እሱንም አጣብቁ፤ ከዚያ ማንኪያውን ከክሩ ቆርጣችሁ አንሱት። ማንኪያው የተጨመረው ውጥረቱ ሁልጊዜ እኩል እንዲሆን ነው። ሲኒውን በወጥ ቤት ዲጂታል ሚዛን ላይ አስቀምጡና ሚዛኑን ዜሮ አድርጉ። ምላጩን በተሰነጠቀ የእንጨት ቁራጭ ሰክታችሁ፣ ጣታችሁን አርቃችሁ፣ የክሩን መሐል ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ታች ተጫኑት። ሌላ ሰው የሚዛኑን ቁጥር በስልክ ቪዲዮ ይቅረጸው። ክሩ በተበጠሰበት ቅጽበት የነበረው ከፍተኛ ግራም ያ ነው ልኩ። ቪዲዮውን ቀስ አድርጋችሁ ስታዩት ቁጥሩ ሲወጣ፣ ሲወጣ፣ ከዚያ በድንገት ሲወድቅ በግልጽ ይታያል።

ለእያንዳንዱ ምላጭ አሥር ጊዜ ድገሙት። ቁጥሮቹን ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድራችሁ የመሐሉን ውሰዱ። እንደ መጋዝ መሳብ አይፈቀድም፤ መጫን ብቻ። አንዱን ቦታ ደጋግማችሁ አትጠቀሙ፣ ከጫፍ ወደ ጫፍ ሂዱ። ምላጩ ሲደነዝዝ ግራሙ ይጨምራል።

መጀመሪያ አራቱንም ለኩ። ከዚያ እያንዳንዱን በካርቶን ላይ እኩል፣ ለምሳሌ 20 ጊዜ፣ 10 ሴንቲ ርዝመት በመቁረጥ አደንዝዙና እንደገና ለኩ። ሁለቱን ሰሜን ባየው ፒራሚድ ሥር፣ ሁለቱን በሳጥኑ ሥር፣ ርዝመታቸውን ሰሜን ደቡብ፣ ስለታቸውን ምሥራቅና ምዕራብ አድርጋችሁ ለሰባት ቀን አኑሩ። የድርባል ተከታዮች አቀማመጥ ይህ ነው። በስምንተኛው ቀን የሚለካው ሰው የትኛው የየት እንደሆነ ሳያውቅ ይለካ።

ምላጭ ለምን ይደነዝዛል የሚለውን የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2020 አሳትመዋል፦ ብረቱ ከጢሙ 50 ጊዜ ያህል ቢጠነክርም፣ ፀጉሩ በሆነ አንግል ሲገጥመው ከጠርዙ ጥቃቅን ስንጣሪ ይነሳል። የተሰነጠረ ብረት ካርቶን ሥር አድሮ ተመልሶ አይበቅልም። ዝገት ግን ሌላ ነው። ከተላጩ በኋላ እርጥብ የተተወ ምላጭ ጠርዙ ይበላል፤ ሳይነኩ አራግፎ ደረቅ ቦታ ማኖር ዕድሜ ይጨምርለታል። ፒራሚዱ አንዳንዴ «የሚሠራው» ይህን ነው፤ ሰውየው ከእርጥብ ገንዳ ዳር አንስቶ ደረቅ ካርቶን ውስጥ ስላስገባው።

ገብሱ

«ፒራሚድ ሥር ዘር በተሻለ ይበቅላል» የሚለውን ለመፈተሽ ለብቅል የምትነክሩት ገብስ ይበቃል። 50 50 ፍሬ ቆጥራችሁ በአራት እርጥብ ጨርቅ ጠቅልሉ፣ በአራቱ ቦታ አድርጉ፣ ጨርቁን በእኩል ውሃ አርጥቡ፣ በሦስተኛው ቀን የበቀለውን ቁጠሩ። ከ50ው 45 አካባቢ የሚበቅል ዘር ከሆነ በሁለት ቦታ መካከል እስከ 6 ፍሬ ልዩነት በአጋጣሚ ብቻ ይመጣል። 43 ለ47 ዜና አይደለም።

የሚነሱ መከላከያዎች

«ቅርጽ ኃይል ከሌለው ዲሹ ለምን ይሠራል?» ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ቅርጽ በእርግጥ ይሠራል። ዲሽ ጎድጓዳ የሆነው ከሳተላይት የመጣውን ሞገድ ወደ አንድ ነጥብ ስለሚሰበስብ ነው፤ የጎጆ ክዳን ሾጣጣ የሆነው ዝናቡ እንዲንሸራተት ነው። ልዩነቱ እዚህ ነው፦ ዲሹ ምን እንደሚሰበስብ ይታወቃል፣ ትንሽ ስታዞሩት ስዕሉ ይጠፋል። ፒራሚዱን 45 ዲግሪ አዞራችሁት ምን ጠፋ? ለዚህ ነው የተጣመመው ፒራሚድ ከመጀመሪያው የተሠራው።

እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ የፊዚክስ ጽሑፍም ይጠቀሳል፤ «ሳይንቲስቶች ታላቁ ፒራሚድ ኃይል እንደሚሰበስብ አረጋገጡ» እየተባለ። ጽሑፉ የኮምፒውተር ስሌት ነው። ርዝመቱ ከ200 እስከ 600 ሜትር የሆነ የሬዲዮ ሞገድ ከውጭ ቢመታው በውስጡ እንዴት እንደሚበተንና እንደሚጠራቀም ያሰላል። የሚቀበለው ሞገድ ከሌለ የሚጠራቀም የለም፤ ስለ ሥጋ፣ ስለ ውሃ፣ ስለ ራስ ምታት የተጻፈበት ነገር የለም።

«የማያምን ሰው አጠገቡ ካለ አይሠራም» የሚለው ሲመጣ ሙከራውን የሚያምነው ሰው ራሱ ይሥራው፤ ዕጣና ቁጥሩ ብቻ ይጠበቅ።

የደም ግፊት፣ የስኳር፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒት አቁሞ ፒራሚድ ሥር መተኛትን ግን ቤት ውስጥ ማንም አይፈትሽ። ሥጋው ቢበላሽ 20 ግራም ነው።

ውሃው

«ፒራሚድ ሥር ያደረ ውሃ ይጣፍጣል» የሚለው በቡና ሰዓት ይፈተሻል፤ ሰው ተሰብስቧልና። ከአንድ ቧንቧ በአንድ ጊዜ የተቀዳ ውሃ በሁለት እኩል ማሰሮ ይሁን፤ አንዱ ፒራሚድ ሥር፣ ሌላው ሳጥን ሥር ይደር። ማሰሮዎቹ ትልቅ ከሆኑ የሚገቡበት ትልቅ ሳጥንና ፒራሚድ ከላይ ባለው ምጣኔ መሥራት ይኖርባችኋል፤ ካልሆነ በተሠሩት ሥር የሚገባ ትንሽ ዕቃ ይበቃል።

አንድ ሰው ከመጋረጃ ጀርባ የ1 ብር ሳንቲም ይጥላል። አንበሳ ከወጣ የፒራሚዱን፣ ሚዛን ከወጣ የሳጥኑን ይቀዳል፣ ይጽፋል። ሌላ ሰው ሲኒውን ያወጣል፤ እሱም አያውቅም። ቀማሹ «ፒራሚድ» ወይም «ሳጥን» ይላል። 20 ጊዜ። በግምት ብቻ 10 አካባቢ ይመታል። 14 መምታት ገና ያጋጥማል፤ 15 እና ከዚያ በላይ በግምት የሚገኘው ከ100 ሁለቴ ያህል ነው። መስመሩን 15 ላይ ከመጀመራችሁ በፊት ጻፉት። 20 ሰው ቀምሶ አንዱ 15 ቢመታ ግን አትደነቁ፤ ከሃያ ሰው ቢያንስ አንዱ እንዲህ የመምታቱ ዕድል ከሦስት አንድ ያህል ነው። ያን ሰው ብቻውን እንደገና 20 አስቀምሱት።

አሁንም ከመታ፣ ወደ ፒራሚዱ ከመሄዳችሁ በፊት ቀዳዳ ፈልጉ። አንዱ ማሰሮ የወይራ ጭስ ሽታ ይዞ ሊሆን ይችላል። አንዱ ለመስኮቱ ቀርቦ አድሮ ቀዝቅዞ ሊሆን ይችላል፤ ከንፈር ደግሞ የሙቀት ልዩነትን ቶሎ ያውቃል። ቀጂው ለአንዱ ማሰሮ ሁልጊዜ አንዱን ሲኒ፣ ያቺን ጠርዟ የተሸረፈችውን፣ አንስቶ ሊሆን ይችላል። ማሰሮዎቹን አለዋውጡ፣ ሲኒዎቹን በዕጣ አድርጉ፣ ውሃውን እኩል ሰዓት ቤት መሐል አቆዩና ሳንቲሙን እንደገና ጣሉ።